የባቡሩ መስመር፣ እግር ኳሱና ካህኑ

የእግር ኳስ ቡድን ካህን ማለት በአንድ ክለብ ውስጥ ላሉ ተጫዋቾች፣ አሠልጣኞችና ሠራተኞች መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ነው። ሥራው ከጨዋታ በፊት ጸሎት በማድረስ አይወሰንም። ተጫዋች ተጎድቶ ሆስፒታል ሲተኛ ይጠይቀዋል፤ ሐዘን የደረሰበትን ያጽናናል፤ ውሉ ሳይታደስለት የቀረውን ወጣት ያማክራል። በአሰላለፍና በዝውውር ጉዳይ አይገባም፤ የነገሩትንም ምስጢር ለአሠልጣኙም ሆነ ለክለቡ አመራር አያወጣም። ከጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ አዲስ አበባ በሚዘልቀው መስመር ላይ ይህ አገልግሎት እንደ ሹመት ሥር ባይሰድም፣ ቤተ ክርስቲያንና እግር ኳስ የተገናኙበት የራሱ ታሪክ አለው።

አገልግሎቱ ተደራጅቶ መልክ የያዘው በእንግሊዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተቋቋሙት የብሪታንያ ክለቦች በርካቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የወጡ ናቸው። አስቶን ቪላ እ.ኤ.አ. በ1874 ከአንድ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት፣ ኤቨርተን በ1878 ከቅዱስ ዶሚንጎ ጸሎት ቤት፣ ሳውዝሃምፕተን ደግሞ በ1885 ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ተወለዱ። በግላስጎው ሴልቲክን በ1887 የመሠረቱት ወንድም ዋልፍሪድ የተባሉ የካቶሊክ ገዳማዊ ሲሆኑ፣ ዓላማቸው ለድሆች ልጆች ምግብ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ክለቦቹ እያደጉ ወደ ንግድ ሲያዘነብሉ ይህ ዝምድና ላላ። እንደገና የጠበቀው የባፕቲስት አገልጋዩ ጆን ቦየርስ በ1977 በዋትፎርድ የክለብ ካህን ሆነው ማገልገል ከጀመሩ በኋላ ነው። ቦየርስ በ1991 የስፖርት ካህናትን የሚያሰለጥንና የሚያስተባብር ድርጅት መሠረቱ፤ በ1992 ደግሞ የማንችስተር ዩናይትድ ካህን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቦልተኑ ፋብሪስ ሙዋምባ በጨዋታ መካከል ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ በጭንቁ ሰዓት ከቤተሰቡ አጠገብ ከነበሩት አንዱ የክለቡ ካህን ነበር።

በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ታሪኩ ከባቡር ሐዲድ ጋር ይያያዛል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ከመርከብ ወርዶ በጅቡቲ ጣቢያ ይሳፈር፣ ድሬዳዋ ላይ ወይም አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ይወርድ ነበር። ፈረንሳዮች፣ ግሪኮችና አርመኖች በእነዚህ ከተሞች ሲሰፍሩ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠሩ፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ቡድን አቋቋሙ።

በጅቡቲ ክርስቲያናዊ አገልግሎት በዋናነት የተያዘው በካፑቺን ካቶሊካውያን አባቶች ነበር። የጅቡቲ ሐዋርያዊ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1914 ተቋቋመ፤ በ1955 ሀገረ ስብከት ሆነ፤ ዛሬ የሚታየው የመልካሙ እረኛ እመቤታችን ካቴድራል በ1964 ተሠራ። የከተማው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም በመሆኑ የአባቶቹ ምእመናን በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የፈረንሳይ ወታደሮችና ከባቡሩ ጋር የመጡ ሠራተኞች ይገኙባቸዋል።

ሐዲዱ ያገናኛቸው ሁለቱ አገሮች በኳስ ሜዳ የተገናኙት በኅዳር 1940 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ይባል የነበረውን የጅቡቲ ቡድን 5 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታው ለሁለቱም የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ግጥሚያቸው ሆኖ ተመዝግቧል።

በአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያንና ኳስ ይበልጥ ተቀራረቡ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ የመሠረቱት ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ምኒልክ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ያሠሩት የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው በዚያው ሰፈር ነው። የሰማዕቱ ስም ግን ሁልጊዜ ከክለቡ ጋር አልቆየም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ክለቡ በሌላ ስም እንዲጫወት ተገደደ፤ በደርግ ዘመንም የአንድ ቢራ ፋብሪካን ስም ይዞ ተወዳደረ። ደጋፊው ግን የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም አልረሳም፤ በኋላም ስሙ ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሰለፈው ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ የጦር ልዑክ ቡድን ጋር ነበር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለውን ስም የያዘ ክለብ እያለ የክለብ ካህን የሚባል ሹመት ያልተለመደበት ምክንያት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ምእመን የንስሐ አባት አለው። የንስሐ አባት ቤተሰቡን ያውቃል፤ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ጠበል ይረጫል፤ ንስሐ ይቀበላል፤ ምስጢር ይጠብቃል። የእንግሊዝ ክለብ ካህን ሾሞ የሚሰጠውን አገልግሎት ኢትዮጵያዊው ተጫዋች ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ይህ የንስሐ አባት ድርሻ ጎልቶ የሚታየው በጾም ወቅት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህል ውኃ ሳይቀምስ ሲቆይ፣ ጨዋታም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት አካባቢ ይጀመራል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይበላ ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይሆናል። እንዴት እንደሚጾም፣ ድካም ሲበረታበትስ ምን እንደሚያደርግ የሚመክረው የንስሐ አባቱ እንጂ አሠልጣኙ አይደለም። በድሬዳዋና በጅቡቲ ቡድኖች ውስጥ ደግሞ በረመዳን ተመሳሳይ ጥያቄ ለሙስሊም ተጫዋቾች ይነሣል። በአንድ መልበሻ ክፍል ሁለቱም ጾሞች ስለሚገናኙ፣ ቡድኑን የሚያገለግል መንፈሳዊ ሰው የባልንጀራውን እምነት የሚያከብር መሆን አለበት።

አሮጌው ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ቀስ በቀስ ሥራ አቁሞ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ በሚሄደው ተተካ፤ በጅቡቲም መነሻው ነጋድ ጣቢያ ሆነ። የተጫዋቹም ኑሮ ተለወጠ። ዛሬ ወጣቱ ከተወለደበት ሰፈር ርቆ በክለብ ካምፕ ይኖራል፤ የንስሐ አባቱ ከወላጆቹ ጋር አገር ቤት ቀርቷል። ሲጎዳ፣ ቋሚ ተሰላፊነቱን ሲያጣ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሚያማክረው ሰው አጠገቡ የለም። ክለቦች ለተጎዳ እግር ወጌሻ ይቀጥራሉ፤ ለተጎዳ ልብም በአካባቢያቸው ካሉ አጥቢያዎችና መስጊዶች ጋር ተነጋግረው ምስጢር የሚጠብቅ፣ በቡድኑ ሥራ የማይገባ አባት ለልጆቹ ቢያቀርቡ፣ የቀድሞዎቹ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ያደረጉትን ይተኩላቸዋል።