ጀልባ ያጡት የባሮ መንገደኞች

ስሙኝማ፣ የዳሪሙ ሰዎች! ከደጃችሁ የሚወርደው ውሃ እስከ ዓባይ ይሄዳል። ብርብርና ገባ ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮም ሜዳ ላይ ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይ ይገባል። ይህን መንገድ ፈረንሳዮች ተመኙት። ማርሻን የተባለው ሻምበላቸው በኮንጎ በኩል ነጭ ዓባይ ዳር ወዳለችው ፋሾዳ ሲገሰግስ፣ ደ ቦንሻን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጎሬ አልፎ ሊገናኘው ወረደ።

እስከ አፋፉ ደህና። ከዚያ ወዲያ ግን ባሮ ሜዳውን አልብሶት፣ መሬት ነው ስትሉት የሚያሰጥም፣ ውሃ ነው ስትሉት የማያስዋኝ አገር ነው! ሸምበቆው ሰው ይውጣል። የደጋ በቅሎ እዚያ ምን ይፈይዳል? የአገሩ ሰው አኙዋክ ከአንድ ግንድ በፈለፈለው ታንኳ በሸምበቆው መሐል ሽው ይላል፤ እንግዳው ጀልባ የለውም። ታኅሣሥ 22 ቀን 1890 ዓ.ም. ሶባት ዳር ናስር አካባቢ ሲደርስ በቃኝ ብሎ ተመለሰ።

ቀጥሎ የጎሬው ጌታ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦራቸውን ይዘው ወረዱ። ሁለት የፈረንሳይ ልዑካንና አርታሞኖቭ የሚባል የሩሲያ ኮሎኔል አብረው ናቸው። ወባው፣ ረኀቡ አይነሣ! ቢሆንም ሰኔ 16 ቀን የሶባት አፍ ደረሱ። አሁን የፈረንሳይ ባንዲራ ዓባይ መካከል ካለው ደሴት ይተከል ተባለ። በምን ይሻገሩ? ልዑካኑ በንዳድ ዝለዋል። አንድ አኙዋክ ባንዲራውን ይዞ ዘሎ ገባ። ሩሲያዊው ይህን ሲያይ ክብሩ ተነካና፣ አዞ አለ የለም ሳይል፣ ከሁለት ኮሳክ ወታደሮቹ ጋር ተከትሎት ዋኘ። የሰው ባንዲራ ለመትከል! እኔ በበኩሌ የማደንቀው ቀድሞ የገባውን ነው፤ ስሙን የጻፈለት ግን አላገኘሁም።

ማርሻንን ሳያገኙ ተመለሱ። ሰውዬው ፋሾዳ የደረሰው ሐምሌ 4 ቀን ነው፤ በ18 ቀን ተላለፉ! እሱ ደግሞ ፋይዴርብ የምትባል የእንፋሎት ጀልባ ፈታትቶ በየብስ አሸክሞ፣ ገጣጥሞ አምጥቷል። እንግሊዞች ፋሾዳን ልቀቅ ሲሉት በዚያችው ጀልባ ሶባትን ሽቅብ ተጓዘ፤ ውሃው እንቢ ሲለው ባሮ ላይ ትቷት፣ በእግሩ አፋፉን ወጥቶ በጎሬ በኩል አዲስ አበባ ገባ።

በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ ፈቀዱ፤ በኋላም ጋምቤላ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ የመቱና የጎሬ ቡና በበቅሎ እየወረደ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ካርቱም ይገባ ጀመር።