ጥቁር እንጨትና የፕሮስቴት ሕመም፦ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ጠቀሜታና ገደብ

የፕሮስቴት ካንሰር በዓለም ላይ ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ ወንዶችን በብዛት የሚያጠቃ የካንሰር ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ በ2022 ወደ 1 ነጥብ 47 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች በበሽታው እንደተያዙና 397 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት ያመለክታል። በሽታውን በዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ለመከላከል ይቻል እንደሆነ ለማወቅ የተለያዩ ምርምሮች ተካሂደዋል።

በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚነሳ ዕፅዋት አንዱ በሳይንሳዊ መጠሪያው ፕሩነስ አፍሪካና የሚባለው ጥቁር እንጨት ነው። ዛፉ በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የሚበቅል ሲሆን፣ ደኑ በተመናመነበት በደቡብ ጎንደር ዞን በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ተጠብቆ ከቆዩት አገር በቀል ዛፎች መካከል ይገኛል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴና ባልደረቦቻቸው በዞኑ በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

የጥቁር እንጨት ቅርፊት ቤታ ሲቶስትሮልን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ከቅርፊቱ የሚዘጋጀው መድኃኒት በአውሮፓ ለበርካታ ዓመታት ያገለገለው ግን ለካንሰር ሳይሆን፣ በዕድሜ መግፋት ለሚከሰተውና ካንሰር ላልሆነው የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት ነው። በ1 ሺህ 562 ወንዶች ላይ የተደረጉ 18 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ መድኃኒቱ ሌሊት ለሽንት መነሳትን በ19 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ሙከራዎቹ ግን አጭር ጊዜ የፈጁ ነበሩ።

ካንሰርን በተመለከተ እ.ኤ.አ በ2007 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ቅርፊቱን ከተመገቡ የቤተ ሙከራ አይጦች 35 በመቶው፣ ካልተመገቡት ደግሞ 62 ነጥብ 5 በመቶው በፕሮስቴት ካንሰር መያዛቸውን አሳይቷል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም በአይጥ ላይ የታየ በመሆኑ፣ ቅርፊቱ በሰው ላይ ካንሰርን ይከላከላል ለማለት አያበቃም።

ከምግብ ወገን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች አርሶ አደሩ የሚያውቀው ተልባ ሊግናን በተባለ ንጥረ ነገር የበለጸገ ነው። በአሜሪካ ቀዶ ሕክምና በሚጠባበቁ 161 የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ በተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2008 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በተመገቡት ዘንድ የካንሰር ሕዋሳት የመራባት ፍጥነት ዝቅ ብሎ ታይቷል። በቲማቲም ውስጥ ያለውን ላይኮፒንን በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በ2005 ባደረገው ምርመራ፣ በሽታውን መከላከሉን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በክኒን መልክ መውሰድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልም ተረጋግጧል። ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2001 የተጀመረው የቫይታሚን ኢና የሴሌኒየም ሙከራ ጥቅም ባለመገኘቱ በ2008 እንዲቆም ተደርጓል። በ2011 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረትም ቫይታሚን ኢ ብቻውን በወሰዱት ዘንድ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሯል።

በመሆኑም ተልባ፣ ጥራጥሬና አትክልት የሚዘወተርበት አመጋገብ ለአጠቃላይ ጤና የሚመከር ቢሆንም ምርመራን አይተካም። የፕሮስቴት ካንሰር በጅማሬው ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። የሽንት መቆራረጥ የሚሰማው ሰው በቅርፊት እፎይታ ቢያገኝ እንኳ፣ ችግሩ ተራ እብጠት ይሁን ካንሰር የሚለየው በሐኪም ምርመራ ብቻ ነው። ከወገዳ ወይም ከነፋስ መውጫ አካባቢ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለሚላክ ታማሚ፣ ቅርፊት እየቀቀሉ የሚያልፉ ወራት ሕክምናውን እጅግ ሊያከብዱት ይችላሉ።

ዛፉም ቢሆን ጥበቃ ያሻዋል። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል፤ ለቅርፊት ንግድ ሲባል በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ ከ1995 ጀምሮ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል።

ስለሆነም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑና በቤተሰባቸው በሽታው የታየባቸው ወንዶች የሽንት ችግር ሲገጥማቸው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱ ማስተማር፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ከአብያተ ክርስቲያናት አስተዳደር ጋር በመሆን የጥቁር እንጨት ችግኝ ማፍላትና ነባሮቹን ዛፎች ከመላጥ መጠበቅ ይጠበቅባቸዋል።