8,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያርፍ ሰይፍ

በባሌዋ ሮቤ ያለ ተጫዋች ስልኩን ሲነካ ሰይፉ የሚሰነዘረው ሌላ አገር ነው። ትእዛዙ ከስልኩ ወደ ኔትወርክ ማማው ይሄዳል። ከማማው በፋይበር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባና ብዙውን ጊዜ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ከዚያ በቀይ ባሕር ወለል በተዘረጋ ገመድ ግብፅን አልፎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ማርሴይ ላይ የብስ ይነካና ፍራንክፈርት ወይም አምስተርዳም የተቀመጠ ሰርቨር ዘንድ ይደርሳል። ሰርቨሩ «መታህ» ወይም «ሳትክ» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። መንገዱን በግምት 8,000 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ80 ሚሊ ሴኮንድ ሊያንስ አይችልም። ይህ ሁሉ ነገር ሲሰምር ነው። ማታ ማታ ከተማው ሁሉ ዳታ ሲከፍት ቁጥሩ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ይባስ ብሎ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ተጫዋች የሚማረረውም ከመዘግየቱ ይልቅ በዚህ መዋዠቅ ነው። ቋሚ መዘግየትን እጅ ይለምደዋል፤ የሚዋዥቀውን ግን የሚለምድ እጅ የለም።

አርፒጂ የሚባሉት፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው ከሺዎች ጋር በአንድ ዓለም የሚጫወቷቸው የኦንላይን ጨዋታዎች ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የምስል ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። መጀመሪያ ጽሑፍ ነበር፤ ቀጥሎ ጠፍጣፋ ሥዕል፤ አሁን ደግሞ ሣሩ በነፋስ የሚወዛወዝበት ዓለም። ከባሌ ደጋ ሲታይ ግን ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ የሚጠየቀው የርቀቱን ዕዳ ማን ይክፈል የሚለው ነው፦ ጨዋታው፣ ሁሉም ተጫዋች በጋራ፣ ወይስ ሩቅ ያለው ብቻውን?

መነሻው ላይ ዕዳው ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሮይ ትራብሾ፣ ኋላም ሪቻርድ ባርትል፣ በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት መድ የተባለ ጨዋታ ከጽሑፍ በቀር ምንም አልነበረውም። ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን ሂድ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ያለበትን ቦታ በቃላት ይገልጽለታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ቀርፋፋ መስመር ይበቃዋል። ችግሩ መስመሩ ራሱ አለመኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን የባሌ ርዕሰ ከተማ የነበረችው ጎባ ከኦጋዴን ጦርነት ማግስት ላይ ናት፤ ኮምፒዩተር የሚል ቃል በከተማዋ የሚነሳበት ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ አንድ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ይመጣል። በጀርመን ሬገንስበርግ ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች የሠሩት ቲቢያ፣ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የኦንላይን አርፒጂዎች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1997 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት! ኢትዮጵያም በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በዚያው ወር ነው። ሁለቱ እኩያ ናቸው ማለት ነው፤ ለመተዋወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀባቸው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አልቲማ ኦንላይን የዘርፉን የመጀመሪያ ትልቅ ቅሬታ አስነሳ። ዓለሙ ሰፊ፣ ቤት የሚሠራበት፣ ንግድ የሚጧጧፍበት ነበር፤ ግን ይንቀረፈፋል፣ ይቋረጣል፣ የለፉበት ንብረት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተወሰኑ ተጫዋቾች አምራቹን ፍርድ ቤት አቆሙት። ነገሩ በስምምነት ቢያልቅም ጥያቄው ቀረ፦ ተጫዋች የገዛው ዕቃ ነው ወይስ አገልግሎት? ዕቃ ከሆነ እንደተሸጠ ይቀራል፤ አገልግሎት ከሆነ ግን የሚሸጠው መሥራቱ ራሱ ነው። ካሊፎርኒያ ተቀምጦ በዲያልአፕ የሚጫወት ሰው «ቀረፈፈብኝ» ብሎ ከከሰሰ፣ ባሌ ውስጥ ከሳኔቲ አምባ ሥር ያለው ምን ይበል?

ለሩቅ ሰው ሳያስበው የተመቸው ሩንስኬፕ ነው። ጎወር የተባሉት ወንድማማቾች በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ያወጡት ይህ ጨዋታ በብራውዘር ይከፈት ስለነበር መጫን አያስፈልገውም ነበር፤ በተጋራ ኮምፒዩተር ላይ፣ ደቂቃ እየተቆጠረ ለሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት ልክ የተሰፋ ነበር። ዋናው ምስጢሩ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። የሩንስኬፕ ሰርቨር የሚያስበው በ0.6 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ነው። በዚህ ምት መካከል የደረሱ ትእዛዞች ሁሉ ተሰብስበው በአንድ ላይ ይፈጸማሉ። ለንደን ያለው በ10፣ ባሌ ያለው በ250 ሚሊ ሴኮንድ ቢያደርስ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ለዚያው ምት ይደርሳሉ። ቀርፋፋ ሰዓት ርቀትን ይውጣል። የዛሬ የተኩስ ጨዋታ ግን በሴኮንድ 30፣ 60 ጊዜ ያስባል፤ እዚያ 250 ሚሊ ሴኮንድ ማለት የተኮስክበት ሰው ከሄደ በኋላ መተኮስ ነው።

ባሌ በእነዚያ ዓመታት ምን ላይ ነበረች? የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ ማስተማር ሲጀምር ከተማዋ የስንዴና የኮምባይነር ከተማ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ከየክልሉ ወጣት ሰበሰበ፤ ከወጣቱ ጋር ላፕቶፕ፣ ፍላሽ፣ ኋላም ኢቪዲኦ የሚባለው ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ የኢንተርኔት ዱላ መጣ። ቀድሞም ከፑልና ከጆተኒ ጋር የኖረው የከተማ ጨዋታ፣ ልክ እንደሌላው የአገሪቱ ከተማ ሁሉ፣ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሸጋገረ፤ እዚያ የሚነግሠው ግን ኳስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በጌም ሒሳብ፤ ኔትወርክ የሚባል ጣጣ የለበትም። አርፒጂ ወራት የሚፈጅ ጨዋታ ስለሆነ በጌም ሒሳብ አይገባም። ስለዚህ የሚጫወተው የራሱ መሣሪያ ያለው ሰው ነው፤ የራስ መሣሪያ ማለት ደግሞ ለብዙው ስልክ ነው። ብዙውን ተጫዋች ያመጣው እንግዲህ የስማርት ስልክ መርከስ፣ ከዚያም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ መቀነሱ ነው።

ወደ ሰርቨሩ እንመለስና፣ ዘርፉ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብበት ያገኛቸው መፍትሔዎች በጣም የተለያዩ ናቸው። ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ አን ኪራጅ የተባለውን የጨዋታውን ስፍራ በር ሲያስከፍት ሕዝቡ በአንድ በረሃ ላይ ተከማችቶ ሰርቨሮቹ ወደቁ። አምራቹ ብሊዛርድ ከዚያ በኋላ ያዘነበለው ተጫዋቹን እየከፋፈለ በተለያየ ቅጂ ዓለም ወደማስቀመጥ ነው። የአይስላንዱ ሲሲፒ በኢቭ ኦንላይን የወሰደው መንገድ ግን ይበልጥ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሺዎች የሚዋጉበት ስፍራ ሲጨናነቅ ጨዋታው ጊዜን ራሱን ያዘገያል፤ እስከ መደበኛው ፍጥነት አሥር በመቶ ድረስ። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ቢ-አር ፋይቭ በተባለው ስፍራ የተደረገው ውጊያ ቀኑን ሙሉ የዘለቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ፈጣኑ ኮምፒዩተር ያለውም ቀርፋፋው ያለውም እኩል ይጎተታል። ብዙ ተጫዋች አሰልቺ ነው ይለዋል። እኔ ግን በዘርፉ ካየኋቸው ገጽታዎች ሁሉ ፍትሐዊው ይህ ይመስለኛል፤ ዕዳው ለሁሉም በእኩል ተከፋፍሏልና። ሌላም የማናነሳው ዕድል አለን። ኢቭ በየቀኑ ለጥገና የሚዘጋው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሰዓታችን ከአውሮፓ ስለማይርቅ የአውሮፓ ማታ የእኛም ማታ ነው። አሜሪካ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ግን ጓደኞቹን ለማግኘት ሌሊቱን ማጋመስ አለበት።

ስልክ ሲመጣ ሌላ ዕዳ መጣ፤ ክብደት። አርፒጂ ሲጫወቱት የሚበላው ዳታ ጥቂት ነው፤ የሚከብደው ማውረዱና አፕዴቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቻይናው ጌንሺን ኢምፓክት ስልክ ላይ ከ10 ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ በየስድስት ሳምንቱ ገደማም አዲስ ክፍል ይጨመርበታል። ሰርቨሮቹ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስያ፣ እንዲሁም ለታይዋን፣ ለሆንግ ኮንግና ለማካው ተብለው ተከፍለዋል። አፍሪካ የሚል አማራጭ የለም፤ የእኛ ሰው አውሮፓን ይነካል። በአንጻሩ ኢትዮጵያዊው ተጫዋች ለክብደት የራሱን መላ ፈጥሮ ኖሯል። ጨዋታውን አንድ ሰው ዋይፋይ ባለበት ያወርደዋል፤ ከዚያ በዜንደር ወይም በሼርኢት መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል፤ አልያም ዘፈንና ፊልም የሚጭኑት ሱቆች ዘንድ ሄዶ ማስጫን ነው። ችግሩ ኤፒኬ የሚባለው መጫኛ ፋይል ተጭኖ ኦቢቢ የሚባለው ግዙፍ ፋይል ሳይገለበጥ ሲቀር ነው፤ ጨዋታው ይከፈትና «ተጨማሪ ፋይል አውርድ» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ በባሌ ይስፋፋ እንደሆነ ለማወቅ ከምስሉ ጥራት ይልቅ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ጋሬና ፍሪ ፋየር በርካሽ ስልኮች ላይ የነገሠበት አንዱ ምክንያት ቅለቱ ነው፤ እርግጥ ፍሪ ፋየር ተኩስ እንጂ አርፒጂ አይደለም።

መብራትን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በአርሲና በባሌ መካከል ዋቢ ሸበሌ ላይ የተገነባው የመልካ ዋከና ግድብ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ አለ። የሮቤ ሰው ግን «መብራት መጣ» የሚል ጩኸት ከእነ ደስታው ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይሞታል፤ የኔትወርክ ማማው በባትሪና በጀነሬተር ይቀጥላል፤ ሁሉም ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር ይጨናነቃል። 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በባሌው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ የቴሌኮም ማማ ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮ ለማየት የወጣ ጎብኚ ፎቶው ላይ ስለሚገባበት ይነጫነጫል። በሪራና በሐረና ጫካ በኩል ላለው ሰው ግን ከፍታ ላይ የተተከለ ማማ ትርጉሙ ሌላ ነው።

ከሁሉም የከበደው መቋረጥ ግን ከቴክኒክ አልመጣም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋና ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ባሌ በዚያ ሰሞን ሐዘኑም ደም መፋሰሱም ከከበደባቸው አካባቢዎች አንዷ ነበረች፤ ስለ ጨዋታ ማውራት ያሳፍር ነበር። ሆኖም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንንም ሊያነሳው ይገባል፦ የኦንላይን አርፒጂ ገጽታዎች የተነደፉት ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንዳለ ታስቦ ነው። ዕለታዊ ሽልማት ቀን ካመለጠው ከዜሮ ይጀምራል። አልቲማ ኦንላይን ላይ ባለቤቱ በየጊዜው ያልጎበኘው ቤት ይፈርስ ነበር። በፋይናል ፋንታሲ 14 ባለቤቱ 45 ቀን ያልገባበት ቤት ይወሰዳል፤ አምራቹ ስኩዌር ኤኒክስ በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም በአሜሪካ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲደርስ ቆጠራውን ለጊዜው ያቆማል። ባሌ ውስጥ ኢንተርኔት ሲዘጋ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

እዚህ ላይ የልጅነት እንቆቅልሽ ትዝ ይለኛል። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ጎንደርን ወይም ሐረርን ተረክቦ ይነግሥበታል። በሌለ ንብረት ላይ መንገሥን እንግዲህ ከማንም አልተማርነውም። ጎባን የወሰደ ልጅ 45 ቀን ቢቀር የሚቀማው አልነበረም።

ክፍያም ሌላ በር ነው። ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በወር 14.99 ዶላር ይጠይቃል፤ ዋናው ችግር ከመጠኑ በላይ መክፈያ መንገዱ ነው፤ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብርን ከስልክ ወደ ስልክ ቢያሻግርም፣ ለውጭ ጨዋታ የሚጠየቀው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ሩንስኬፕ በ2013 እ.ኤ.አ. ቦንድ የሚባል ነገር አመጣ፦ ካርድ ያለው ሰው በገንዘቡ ይገዛውና ጨዋታው ውስጥ ባለው ወርቅ ይሸጠዋል፤ ካርድ የሌለው ዓሣ አጥምዶ፣ ማዕድን ቆፍሮ ባጠራቀመው ወርቅ ገዝቶ አባልነቱን ያድሳል። ይህ ገጽታ ከአዲስ ምስል ወይም ከአዲስ ዘንዶ ይልቅ ለሩቅ አገር ተጫዋች በር ከፍቷል። በሌላ በኩል ጨዋታን ወደ ጉልበት ሥራ ቀይሮታል ቢባልም ሐሰት አይደለም፤ ገንዘብ ያለው ጊዜ ይገዛል፣ ጊዜ ያለው ይሸጣል።

መፍትሔው ሰርቨሩን ማቅረብ ነው የሚሉ አሉ። ግን የት? የአፍሪካ ሰርቨር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከኬፕታውንም ከፍራንክፈርትም በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በካርታ ላይ እንኳ ትርፍ የለውም። ለእኛ የሚሰማ ለውጥ ያመጣው የበርሊኑ ሳንድቦክስ ኢንተራክቲቭ ነው። አልቢዮን ኦንላይን የተባለው ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2021 ስልክ ላይ ሲመጣ ዓለሙ አንድ፣ ሰርቨሩም አሜሪካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ሰርቨር ተከፈተና የአትላንቲክ ደርሶ መልስ ከባሌ ተጫዋች ትከሻ ወረደ። ከአሜሪካው ሰርቨር የነበረው ገጸ ባሕርይ ግን አብሮ አይሻገርም፤ ማቅረቡ የተገኘው ከባዶ በመጀመር ነው። የአውሮፓው መንገድም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በቀይ ባሕር ሦስት የኢንተርኔት ገመዶች ተቆርጠዋል፤ ምክንያት ነው የተባለው ሩቢማር የተባለችው የተመታች መርከብ የጎተተችው መልሕቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ዊንጉና ራክሲዮ የመሳሰሉ የግል ዳታ ማዕከላት በአይሲቲ ፓርክ ሥራ ጀምረዋል። ሰርቨር እዚያ ቢቀመጥ፣ ከሮቤ ደርሶ መልሱ በብርሃን ሒሳብ 5 ሚሊ ሴኮንድ አይሞላም፤ ቀይ ባሕርም ከመንገዱ ይወጣል።