ዕጣ ሳይወጣበት የሞተው ልጅ

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓመት ሚኞኔት የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ባለ ሸራ መርከብ አራት ሰዎች ይዛ ወደ አውስትራልያ ስትሄድ፥ በደቡብ አትላንቲክ ማዕበል መትቷት ሰጠመች። አለቃው ቶም ዳድሊ፥ ምክትሉ ኤድዊን ስቲቨንስ፥ መርከበኛው ኤድመንድ ብሩክስና የ17 ዓመቱ ልጅ ሪቻርድ ፓርከር በጀልባ አመለጡ። ስንቃቸው ሁለት ቆርቆሮ አትክልት ብቻ ነበረ፤ ውሃም አልያዙም። አንድ የባሕር ኤሊ አጥምደው በሉ፤ ጥቂት ዝናብም በልብሳቸው አጠራቅመው ጠጡ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልቀራቸውም። ልጁም የባሕር ውሃ ጠጥቶ በጠና ታመመ።

ዳድሊ ዕጣ እንጣል ቢል ብሩክስ እምቢ አለ። በ20ኛው ቀን ገደማ ዳድሊ ከስቲቨንስ ጋር ተስማምቶ፥ ጸሎትም አድርሶ፥ ልጁን በሴንጢ ገደለው። ሦስቱም ከሥጋው በሉ። ብሩክስ በመግደሉ ባይተባበር ከመብላቱ አልራቀም፤ ሕግ ግን ክሱን ትቶለት ምስክር አደረገው። ከአራት ቀን በኋላ መርከብ አገኘቻቸው፤ አገራቸውም በገቡ ጊዜ በባሕር ልማድ የተፈቀደ መስሏቸው ሁሉን ሳይሸሽጉ ተናገሩ።

ነገሩን በጥቅም ብዛት የሚመዝን፥ እንደ ጄርሚ ቤንታም ትምህርት፥ አንድ ሞቶ ሦስት ቢድኑ ይሻላል ሊል ይችላል። ሁለቱም ቤተ ሰብ አለን ብለው ነበርና አሳባቸው ከዚህ አይርቅም። ነገር ግን ሚዛኑን የያዘው እጅ ሴንጢውንም የያዘው ነው፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ምንጊዜም ወደ ደካማው ያጋድላል። ጀርመናዊው ካንት ሰውን ለሌላው መጠቀሚያ ብቻ ማድረግን ፈጽሞ ይከለክላል። የዕጣ መንገድ ደግሞ አለ፤ በ1842 ዓመት በፊላዴልፊያ የተቀመጠ ፍርድ ቤት፥ ከጀልባ ተሳፋሪዎችን ወደ ባሕር የጣለውን መርከበኛ ሲፈርድበት ዕጣ ሊጣል ይገባ ነበር ብሏል። ይሁን እንጂ ዕጣ በዮናስ ላይ በወጣ ጊዜ፥ እርሱም ራሱ ጣሉኝ እያለ፥ እነዚያ አረማውያን መርከበኞች አስቀድመው ወደ ምድር ሊመልሱት ቀዘፉ። ዳድሊ ግን ዕጣውንም ተወ።

በታኅሣሥ ወር ዋና ዳኛው ሎርድ ኮልሪጅ ችግር ነፍስ ለመግደል ምክንያት አይሆንም ብሎ ፈረደ። የመርከብ አለቃ ግዳጁ ስለ ሰዎቹ መሞት ነው፤ ከአራቱ ታናሹና ደካማው ስለ ምን ተመረጠ? ብሎም ጠየቀ። ፈታኙ እጅግ ጽኑ እንደ ነበረ፥ ዳኞችም ራሳቸው የማይደርሱበትን ሥርዓት ለመደንገግ እንደሚገደዱ አልካደም። የሞቱ ፍርድ በምሕረት ወደ ስድስት ወር እስራት ተለወጠ።

ዳድሊ ከእስር ከወጣ በኋላ መርከቢቱ ሳትደርስባት ወደ ቀረችው ወደ ሲድኒ ሄዶ ተቀመጠ፤ በ1900 ዓመትም በዚያ በገባው ቸነፈር ሞተ።