የሚለበስ የመራመጃ ማሽን (ኤክሶስኬሌተን)፦ ከ«አይረን ማን» በምን ይለያል? ለማንስ ይጠቅማል?

እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከዊልቸሩ ተነስቶ፣ ወገቡና እግሩ ላይ የታሰረ ማሽን ለብሶ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክዎ ደርሶዎት ይሆናል። ልጅዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ ወድቆ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከሆነ፣ ቪዲዮውን ካዩ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ቤታችንን ሸጠንም ቢሆን ይህን ብንገዛለት ይራመዳል?»

ጥያቄው ከባድ ስለሆነ መልሱ ግልጽ መሆን አለበት። ይህ ጽሑፍ ማሽኑ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚችልና እንደማይችል፣ ገንዘብና ጊዜዎን መጀመሪያ ምን ላይ ማዋል እንደሚሻል ያስረዳዎታል።

ኤክሶስኬሌተን ምንድን ነው?

ኤክሶስኬሌተን ማለት ከሰውነት ውጭ የሚታሰር አጽም ማለት ነው። ከወገብ እስከ እግር የሚደርስ ጠንካራ ድጋፍ፣ ዳሌና ጉልበት ላይ የተገጠሙ ሞተሮች፣ ባትሪ፣ እንቅስቃሴን የሚለዩ ሴንሰሮችና አነስተኛ ኮምፒውተር አሉት። ለባሹ ክብደቱን ወደ ፊት ሲያዘነብል ሴንሰሩ ይህንን ያነባል፤ ሞተሩም እግሩን ያነሳና ወደ ፊት ያራምዳል።

ማሽኑ የተጎዳውን ነርቭ አያድንም። ሥራው የማይንቀሳቀሰውን እግር በሞተር ማንቀሳቀስ ነው። ሲያወልቁት እግሩ እንደነበረው ይሆናል።

ከፊልሙ ጀግና ጋር ምን ያገናኘዋል?

ልጆች ማሽኑን ሲያዩ ወዲያው «አይረን ማን» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አይረን ማን በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ የወጣ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፊልም ዓለም ያወቀው፣ የብረት ልብስ ለብሶ የሚበርና የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ ነው። በእውነተኛው ዓለምም በዚያው በ1960ዎቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሃርዲማን» የሚባል ማሽን ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ክብደቱ 680 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ በአግባቡ ሊሠራ የቻለውም አንዱ ክንዱ ብቻ ነው።

በፊልሙና በእውነታው መካከል ያለው ዋና ልዩነት ሦስት ነገር ነው፦
• ኃይል፦ የፊልሙ ልብስ ኃይሉ በቀላሉ አያልቅም። እውነተኛው በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መሞላት አለበት።
• ሚዛን፦ የፊልሙ ጀግና ልብሱ ራሱ ያቆመዋል። በእውነተኛው ግን አብዛኞቹ ማሽኖች ሚዛን አይጠብቁም። ለባሹ በሁለት ክራንች መደገፍ አለበት። ስለዚህ ጠንካራ ክንድና ጤናማ ትከሻ ያስፈልጋል።
• ፍጥነት፦ ጤነኛ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት አይሄድም፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው።

እስካሁን የታዩ ምሳሌዎች

ሪዎክ፦ የፈለሰፉት አሚት ጎፈር የተባሉ እስራኤላዊ መሐንዲስ ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. በደረሰባቸው አደጋ ከአንገታቸው በታች ሽባ ሆነዋል። ማሽኑ ክራንች ስለሚፈልግና የእጃቸውም አቅም ስለተጎዳ፣ ራሳቸው የፈጠሩትን ማሽን ራሳቸው ሊጠቀሙበት አልቻሉም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. ለቤት አገልግሎት ፈቅዶታል። ፈቃዱም ቢሆን ማሽኑን የሚያውቅ ሰው አብሮ እንዲኖር ያዛል።

ኤክሶ፦ በዋነኛነት በሕክምና ማዕከል ውስጥ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክትትል የሚሠራበት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለስትሮክ ሕሙማንም በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ሃል፦ በጃፓን የፁኩባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ የሠሩት ነው። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሴንሰሮች አማካይነት ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያነባል። ስለዚህ የቀረ የነርቭ ምልክት ላላቸው ሰዎች የተሻለ ይስማማል።

ለማን ይጠቅማል?

የሕብለ ሰረሰር ጉዳት፦ ጉዳቱ ደረት ወይም ወገብ አካባቢ ሆኖ እጆቹ ደህና ለሆኑ ሰው ለመቆምና ለአጭር ርቀት ለመራመድ ይረዳል። ዊልቸርን ግን አይተካም። አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች በቀን የተወሰነ ጊዜ ለልምምድ ይለብሱታል፤ ቀሪውን ቀን በዊልቸር ይንቀሳቀሳሉ።

ስትሮክ፦ እዚህ ላይ ጥቅሙ የተለየ ነው። አንጎል በድግግሞሽ ብዛት እንደገና ስለሚማር፣ በማሽን የታገዘ የእርምጃ ልምምድ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሰጥ ራሱን ችሎ የመራመድ ዕድልን ይጨምራል። ይበልጥ የሚጠቅመውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ላሉና መራመድ ላልቻሉ ሕሙማን ነው። ማሽን ባይኖርም ትምህርቱ አንድ ነው፦ ፊዚዮቴራፒን አያዘግዩ፤ ልምምዱም ብዙና ተደጋጋሚ ይሁን።

ለማን አይሆንም?

• አጥንቱ በጣም ለሳሳ ሰው። ለረጅም ጊዜ ያልተቆመበት እግር አጥንቱ ስለሚሳሳ በማሽኑ ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ሳይለኩ መጀመር አደገኛ ነው።
• የአልጋ ቁስል ወይም ያልዳነ ስብራት ላለበት።
• ዳሌው፣ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ተኮማትሮ ለደረቀ፣ ወይም ጡንቻው በኃይል ለሚወጠር።
• ሲቆም የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ለሚስት።
• ለነፍሰ ጡር።
• ከማሽኑ ልክ ውጭ ለሆነ። ለምሳሌ ሪዎክ ቁመቱ ከ160 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ100 ኪሎ ያልበለጠ ሰው ይፈልጋል።

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቢኖሩስ?

በየካ አባዶ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ እንበል። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ነፃ ቢሰጥዎት እንኳ መጀመሪያ የሚገጥምዎ ደረጃው ነው። አንዳንድ ማሽኖች ደረጃ ለመውጣት ፈቃድ ያገኙት በቅርብ ዓመታት ነው፤ ያም ከሠለጠነ ረዳት ጋርና መደገፊያ ባለበት ደረጃ ነው። ከደረጃው ወርደው ደግሞ ኮብልስቶኑና ዳገቱ አለ። ማሽኑ የሚወደው ለጥ ያለና ጠንካራ ወለል ነው። መብራት በጠፋ ቀንም ባትሪው አይሞላም።

ዋጋውም ከ70 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ይደርሳል። ከዚያ ላይ ለሳምንታት የሚዘልቅ ሥልጠና፣ የባትሪ መለወጫና የመለዋወጫ ዕቃ አለ። አንድ ሽቦ ቢበጠስ የሚጠግን ባለሙያ በቅርብ ከሌለ፣ ማሽኑ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውድ ብረት ይሆናል።

ስለዚህ ለብዙ ቤተሰብ ቤት ሸጦ ማሽን ከመግዛት ይልቅ፣ አራተኛ ፎቅ ያለውን ቤት አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት የታማሚውን ሕይወት የበለጠ ይለውጣል። በሸክም ብቻ የሚወርድ ሰው ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ አይወጣም። ምድር ቤት ያለ ሰው ግን በዊልቸሩ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሥራ ይሠራል።

አሁኑኑ ሊያደርጉት የሚችሉት

የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበትን ሰው ለሞት የሚዳርገው አለመራመዱ አይደለም፤ እንደ አልጋ ቁስልና የኩላሊት ኢንፌክሽን ያሉ ተከታይ ችግሮች ናቸው። ነገ የተሻለ ማሽን ቢመጣ ሊጠቀምበት የሚችለውም ዛሬ ቆዳው፣ መገጣጠሚያውና ኩላሊቱ የተጠበቀለት ሰው ነው።

1. አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጡ። ዊልቸር ላይ ከሆነ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ መቀመጫውን ከፍ ያድርግ ወይም ወደ ጎን ያዘንብል። በቀን ሁለቴ መቀመጫ፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ መቅላት ወይም መጥቆር እንዳለ ይመልከቱ።
2. እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በየቀኑ በቀስታ ያንቀሳቅሱ። ባለሙያው አንድ ጊዜ ካሳየ ቤተሰብ ሊሠራው ይችላል።
3. የሽንት ካቴተር አጠቃቀምን በንጽሕና ይማሩ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የደፈረሰ ሽንት ካለ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
4. በሐኪም ፈቃድ በድጋፍ መቆምን ይለማመዱ። ባለሙያ የሚሠራው ሞተር የሌለው የእግር ድጋፍና ክራንች ለአንዳንድ ሰው ለአጭር ርቀት ያራምዳል፤ ሲበላሽም እዚሁ ይጠገናል። በጥቁር አንበሳና በአለርት ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍልን ይጠይቁ። ለልጆች ደግሞ በመናገሻ ያለው ቼሻየር ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የሠራበት መስክ ነው።
5. በልኩ የተሠራ ዊልቸርና ትክክለኛ ትራስ ያግኙ። ልኩ ያልሆነ ዊልቸር ራሱ ቁስል ይፈጥራል።

አስቸኳይ ምልክት፦ ጉዳቱ ከደረት መሐል በላይ የሆነ ሰው ድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ከመጣበት የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ የጠበቀ ልብሱን ያላሉለት፤ ካቴተሩ ተጣሞ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ ይዩ፤ ቶሎ ካልተሻለው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ለማሽን ወይም ለውጭ ሕክምና ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቋቸው

• የጉዳቱ ደረጃ ከፍተኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ? ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? ይህን በጽሑፍ ከሐኪም ያግኙ።
• የአጥንት ጥንካሬ ተለክቷል?
• ከመግዛት በፊት መሞከር ይቻላል? ስንት ሳምንት ሥልጠናስ አለው?
• ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የት? በስንት?
• የሚሸጥልዎት ሰው «ይድናል» እያለ ነው ወይስ «በማሽኑ ይራመዳል»? «ይድናል» ካለዎት ገንዘብዎን አይስጡ።

ታማሚው ራሱ ምን እንደሚፈልግም ይጠይቁት። ቤተሰብ «ይቁምልን» ሲል፣ እሱ መጀመሪያ የሚፈልገው ሽንቱን መቆጣጠር፣ ራሱን ችሎ ልብሱን መልበስ ወይም ወደ ሥራው መመለስ ሊሆን ይችላል። የሕክምናው ዕቅድ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው። ስለ ራስዎ ወይም ስለ ቤተሰብዎ ሁኔታ ከሐኪምዎና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎ ጋር ይመካከሩ።