የደቂቅ አገባብ ዕዳ

በስደት ዓለም እንጀራዬን የማገኘው በአፌ ነው። የአገሬን ሰዎች ቃል ወደ ባዕድ ቋንቋ፣ የባዕዱንም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከአፌ ከወጡት እጅግ ብዙ ቃላት መካከል ዛሬም ድረስ እንቅልፍ የምትነሣኝ አንዲት ፊደል ናት፤ «ና»።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ በዕድሜ ታናሼ የሆነ ወገኔ ጥገኝነት ጠይቆ ሲመረመር አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከአገር ለምን እንደ ወጣ ሲጠየቅ «ወንድሜ ተያዘና ወጣሁ» አለ። ቀኑ መሽቶ፣ ምላሴም ደክሞ ነበርና፣ «ወንድሙ ተያዘ፤ እርሱም ወጣ» ብዬ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ከወራት በኋላ የመጣው የእምቢታ ደብዳቤ፣ አመልካቹ የወንድሙን መያዝ ለስደቱ ምክንያት አድርጎ እንዳላቀረበ ይገልጽ ነበር። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው ግን ያች «ና» ምክንያትን ተሸክማ ነበር። ሸክሟን ከትከሻዋ ያራገፍኩት እኔ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ በደብራችን ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ፣ ግሥ የማያውቅ ዝም ይላል፣ አገባብ የማያውቅ ግን ሰው ያሳስታል እያሉ ይገሥጹን ነበር። የግዕዝ ሊቃውንት እነዚህን ትንንሽ ቃላት «አገባብ» ይሏቸዋል፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለውም በሦስት ይከፍሏቸዋል። የኔታ ምን ለማለት እንደ ፈለጉ የገባኝ ያን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ በምኖርበት ከተማ የማታ ትምህርት ተመዝግቤ የአዲስ ኪዳንን ግሪክኛ መማር ጀመርኩ። የሥነ መለኮት ሊቅ ለመሆን አልነበረም። ትንንሽ ቃላት ምን ያህል ዕዳ ሊሸከሙ እንደሚችሉ ከምንጩ ለማየት ነበር። ያየሁትን ለአንባቢ ላካፍል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የቃላቱን ሥራ እንመልከት። የጥንቶቹ የግሪክኛ ብራናዎች ቃልን ከቃል ሳይለዩ በተከታታይ የተጻፉ ናቸው። በግዕዝ ብራና ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ እንኳ በዚያ የለም፤ የዐረፍተ ነገር ምልክትም እጅግ ጥቂት ነው። አንባቢው አሳብ የት እንደ ጀመረ፣ የት እንደ ታጠፈ፣ ምክንያቱ የትኛው፣ ውጤቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው በአብዛኛው በእነዚህ ትንንሽ ቃላት ነው። እነርሱ የመንገድ ምልክቶች ናቸው።

ከሁሉ የምትበዛው «ካይ» ናት። ትርጉሟ «እና» ሲሆን በአዲስ ኪዳን ውስጥ ወደ 9,000 ጊዜ ያህል ትገኛለች። ወንጌላዊው ማርቆስ አብዛኛውን ክፍል የሚጀምረው በእርሷ ነው። «ዴ» ደግሞ ትረካውን ወደሚቀጥለው እርምጃ የምታሻግር ናት፤ አንዳንዴ «ግን»፣ አንዳንዴ «ደግሞ» ትሆናለች። «ጋር» ከአማርኛው «ጋር» ጋር በድምፅ ብቻ ትገጥማለች፤ ፍችዋ «ምክንያቱም» ነው፤ ከ1,000 ጊዜ በላይ ተጽፋለች። ጳውሎስ ሲከራከር ጋርን በጋር ላይ እየደራረበ ምክንያትን በምክንያት ይደግፋል። «ኡን» ማለት «እንግዲህ» ነው፤ ዮሐንስ ወንጌላዊ ወደ 200 ጊዜ ያህል ይጠቀምባታል፤ በእርሱ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ «ከዚያም» ከማለት አታልፍም። እንግዲህ አንዲት ቃል በአንዱ ጸሐፊ እጅ መደምደሚያ፣ በሌላው እጅ መሸጋገሪያ ትሆናለች ማለት ነው።

ከእነዚህ መካከል ዴ፣ ጋርና ኡን ዐረፍተ ነገር አይጀምሩም፤ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛሉ። ለፈረንጅ ተማሪዎች ይህ እንግዳ ነበር። ለእኔ ግን አልከበደኝም። «እኔ ግን» ብሎ የሚናገር ሰው «ግን»ን በሁለተኛ ስፍራ ማስቀመጥን ከእናቱ ተምሯል። ግዕዝም እንደ «ሰ» እና «ኒ» ያሉትን በቃሉ ጭራ ላይ ይለጥፋቸዋል።

ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ መተርጐም የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ነው። በዕብራይስጡ ትረካ ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር የምታያይዘውን «ወ» ተርጓሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «ካይ» አሏት። በአክሱም ዘመን፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ፣ አባቶቻችን መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ ካይን እንደ ገና «ወ» አደረጓት። ቃሊቱ በባዕድ ቤት ቆይታ ወደ ዘመዶቿ ቤት ተመለሰች። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት፣ በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተዘጋጁ የተገመቱት ወንጌሎች የዚያ ትርጉም ቅርሶች ናቸው።

ሁሉም ቃል ግን እንዲህ በሰላም አልተሻገረም። «ሆቲ» የምትባለው የግሪክ ቃል አንዳንዴ «ስለ» ናት፣ አንዳንዴ «እንደ»፣ አንዳንዴም የሰውን ንግግር ከመጥቀስ በፊት የምትቆም ምልክት ብቻ ናት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 47 ላይ ጌታችን እግሩን በእንባዋ ስላጠበችው ሴት ሲናገር፣ የኃጢአቷን ስርየትና የፍቅሯን ብዛት የምታያይዘው ይህች ቃል ናት። ሴቲቱ ብዙ ስለ ወደደች ነውን የተማረችው? ወይስ ብዙ መውደዷ አስቀድማ እንደ ተማረች ማስረጃ ነው? ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ከጥቅሱ በፊት ያለው የሁለቱ ባለዕዳዎች ምሳሌ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ በዚያ ስርየቱ ይቀድማል፣ ፍቅሩ ይከተላል። በምዕራቡ ዓለም ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በዚህች ቃል ላይ ብዙ ተከራክረዋል። የእኛም «እስመ»፣ የጥንቱ አማርኛችንም በግሥ ጭራ ላይ የምትለጠፈው «ና» ያው ችግር አለባቸው።

እንዲህ ያለው ነገር የመምህራን ጨዋታ ይመስለው የነበረ ሰው የአራተኛውን መቶ ዓመት ታሪክ ይመልከት። በ375 አካባቢ የቂሣርያው ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎኪዮስ ላከ። መነሻው ምን ነበር? ባስልዮስ ሲጸልይ ለአብ ምስጋና ሲያቀርብ አንዳንዴ «በወልድ በኩል በመንፈስ ቅዱስ»፣ አንዳንዴም «ከወልድ ጋር ከመንፈስ ቅዱስ ጋር» እያለ በመቀያየሩ ከሰሱት። ተቃዋሚዎቹ ለአብ «ከእርሱ»፣ ለወልድ «በእርሱ በኩል»፣ ለመንፈስ ቅዱስ «በእርሱ ውስጥ» የሚሉት ቃላት ተለይተው የተሰጡ ናቸው፤ ቃላቱ ከተለያዩ ባሕርያቸውም ይለያያል ይሉ ነበር። ባስልዮስ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ገጽ በገጽ እየገለጠ፣ እነዚህ ቃላት ለሦስቱም እንደ ተነገሩ አሳየ። ክርክሩ በ«ዲያ»፣ በ«ኤን» እና በ«ሲን» ላይ ነበር፤ የተመዘነው ግን የአምልኮ እኩልነት ነው። በ381 የቍስጥንጥንያ ጉባኤ ሲሰበሰብ ባስልዮስ በሕይወት አልነበረም። ሆኖም በጸሎተ ሃይማኖት መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር ይሰገድለታል፣ ይመሰገናል ሲባል፣ ግሪክኛው «ሲን»ን ከሁለቱም ግሦች ጋር አጣብቋታል። እኛም በግዕዙ «ምስለ» እያልን እስከ ዛሬ እንደግማታለን።

በላቲኖቹ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ጳውሎስ በሮሜ 5 ቁጥር 12 ሞት ወደ ሰው ሁሉ መድረሱን ከተናገረ በኋላ «ኤፍ ሆ» በሚሉ ሁለት ትንንሽ ቃላት የሰውን ሁሉ ኃጢአት ያያይዛል። ዛሬ አብዛኞቹ ተርጓሚዎች «ስለ» ብለው ይፈቱታል፤ የላቲኑ ትርጉም ግን «በእርሱ» የሚል ፍች ሰጠው። አውግስጢኖስ ይህን ይዞ ሰው ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆኖ ኃጢአት ሠራ ብሎ አስተማረ። ኤራስመስ በ16ኛው መቶ ዓመት የግሪክኛውን ፍች አንሥቶ ቢከራከርም፣ የትሬንት ጉባኤ በ1546 ስለ ጥንተ አብሶ ሲወስን የላቲኑን ንባብ ይዞ ጸና። አውግስጢኖስ ሌሎችም ማስረጃዎች ስለ ነበሩት ትምህርቱ በሁለት ቃላት ብቻ ቆመ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከምሰሶዎቹ አንዷ አገባብ ነበረች።

አሁን ወደ እኛ ቤት የሚያደርሰውን ታሪክ ላንሣ። በጥቅምት 451 በኬልቄዶን፣ በቅድስት ኤውፌምያ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡት ጳጳሳት ያዘጋጁት የመጀመሪያው ረቂቅ ክርስቶስ «ከሁለት ባሕርይ» ነው የሚል ነበር። በግሪክኛው «ኤክ ዲዮ ፊሴኦን» ይላል። አብዛኞቹ ጳጳሳት ወደዱት። የሮም መልእክተኞች ግን ይህ ካልተለወጠ ወደ አገራችን እንመለሳለን አሉ። የንጉሡ ባለሥልጣናትም ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የተሻረው የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ «ከሁለት» የሚለውን እንደሚቀበል ለጉባኤው አስታወሱ። እንግዲህ የተወገዘው ሰው ሊፈርምበት የሚችል ቃል መለያ ሊሆን አልቻለም። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ረቂቁም ተለወጠ፤ «ኤክ» ወጥታ «ኤን» ገባች፤ «በሁለት ባሕርይ» ተባለ።

«ከሁለት» የሚለው፣ ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ነው ለሚለው የቄርሎስ ትምህርት በሩን ክፍት ያደርጋል። «በሁለት» የሚለው ሁለቱ ከተዋሕዶም በኋላ ጸንተው ይኖራሉ ይላል። ዲዮስቆሮስ ወደ ጋንግራ ተግዞ በ454 በስደት ሞተ። በእርሱ ፈንታ የተሾመው ጵሮቴርዮስ በ457 በእስክንድርያ ሕዝብ እጅ ተገደለ። ንጉሥ ዘይኑን በ482 ባወጣው ሰነድ አንድ ባሕርይም ሁለት ባሕርይም ከማለት ታቅቦ ሊያስታርቅ ቢሞክር፣ ሮምና ቍስጥንጥንያ ከ484 እስከ 519 ድረስ ተለያዩ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ጋር ቆማ ተዋሕዶን ስሟ አደረገች። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ የተመለሰው «ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍም የዚህ ወገን ምስክር ነው። ኋላም በእኛው ምድር ክርክሩ «በተዋሕዶ» ነው ወይስ «በቅብዐት» ተብሎ በ«በ» ዙሪያ ሲነድድ ኖሮ በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገውበታል።

ሁለት ፊደል ያላት ቃል ብቻዋን ሕዝብን ከሕዝብ ለየች አልልም። የመንበሮች ፉክክር ነበረ፤ የንጉሥ ሠራዊት ነበረ፤ የቋንቋና የአገር ቅያሜም ነበረ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሲጋጩ የተያዙት በዚያች ቃል ነው። ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በኋላ የሁለቱም ወገን ሊቃውንት መነጋገር ሲጀምሩ፣ ካደረጓቸው ስብሰባዎች አንዱ በ1971 በአዲስ አበባ ነበር። በ1989 በግብፅ፣ በ1990 በስዊዘርላንድ የወጡት የጋራ መግለጫዎች ሁለቱ ወገኖች ቃሉን በተለያየ መንገድ ቢጠቀሙም አንድ እምነት ጠብቀው እንደ ኖሩ መሰከሩ። አንድነቱ ግን እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ቃልን ማብራራት በዓመታት ይቻላል፤ በቃሉ ምክንያት የፈሰሰውን ደም፣ የተጋዘውን ሰው መመለስ ግን አይቻልም።

የእኛ ሊቃውንት የመጽሐፍ ትርጓሜያቸውን የሰየሙት ከአንዲት አገባብ ነው፤ «አንድም»። አንዱን ፍች ሰጥተው «አንድም» ይሉና ሌላውን ይጨምራሉ። ይህ ለእኔ የትሕትና ሥርዓት ነው። ቃሉ ሁለት መንገድ ሲኖረው አንዱን ዘግቶ ማለፍ በደል መሆኑን ያስተምራል። በዚያ ምሽት «አንድም» ማለት ነበረብኝ። መርማሪውን አስቁሜ፣ በእኛ ቋንቋ ይህ «እና» ነው፣ አንድም «ስለዚህ» ነው፣ ባለጉዳዩን እንጠይቀው ማለት ነበረብኝ።

ይግባኙ ሲታይ ለጠበቃው ስሕተቴን በጽሑፍ ሰጠሁ፤ የተቀዳው ድምፅም እንደ ገና ተሰማ። ያ ወገኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈቃድ አገኘ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ እናቱ በአገር ቤት አረፉ፤ ሊቀብራቸው አልቻለም። ልቅሶ ልደርስ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አንዲት ፊደል ብቻ ነው የሳቱት» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ተቀምጬ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ በዝምታ የምደግመው የየኔታን ትምህርት ነው፦ ዐቢይ አገባብ፣ ንዑስ አገባብ፣ ደቂቅ አገባብ።