ጦርነቱ የሌላ፣ ዕዳው የገበሬው
ግብፅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት



የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ጦርነት የሚጎዳው ጥይት የደረሰበትን ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ፣ በዚያ ጦርነት እጃችን የሌለበት እኛም የስንዴና የዘይት ዋጋ ሲንር በየቤታችን አይተናል። በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ኋላ መለስ ብለን፣ ያልጀመረችው ጦርነት መጥቶ በጓዳዋ የገባባትን አንዲት አገር እንቃኛለን። አገሪቱ ግብፅ ናት፤ ጦርነቱም ከ1914 እስከ 1918 የዘለቀው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለት እሳት መካከል

ጦርነቱ ሲጀመር ግብፅ በስም የዑስማኒያ ኸሊፋ ግዛት ነበረች። በተግባር ግን ከ1882 ጀምሮ የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮባት ስለነበር፣ የሚያዝዛትና የሚከለክላት እንግሊዝ ነበረች። በ1914 መጨረሻ ዑስማኒያ ከጀርመን ጎን ስትሰለፍ የግብፅ ሙስሊም ምን ይሁን? ኸሊፋው በጁምዓ ኹጥባ ዱዓ የሚያደርግለት መሪው ነው። የኸሊፋው ጠላት ደግሞ ከተማውን፣ ወደቡንና የስዊዝን ቦይ ይዞ ተቀምጧል።

እንግሊዝ ሕዝቡን አላማከረችም። በኦክቶበር 1914 አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች እንዳይሰበሰቡ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በኖቬምበር አገሪቱ በወታደራዊ ሕግ ሥር ዋለች። በዲሴምበር 18 እንግሊዝ ግብፅን በሞግዚትነት መያዟን አወጀች፤ በማግስቱም ኢስታንቡል የነበረውን ኸዲቭ ዐባስ ሒልሚን ሽራ አጎቱን ሑሴን ካሚልን «ሱልጣን» ብላ ሾመች።

በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ግን አንድ ቃል ተገብቶ ነበር። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክስዌል በኖቬምበር ባወጣው መግለጫ፣ የጦርነቱን ሸክም እንግሊዝ ብቻዋን እንደምትሸከምና የግብፅን ሕዝብ እርዳታ እንደማትጠይቅ አስታወቀ። አድማጮቻችን ይህን ቃል ልብ በሉልን፤ የታሪኩ ቋጠሮ እርሱ ነው።

ጥጥ የማይበላ ሀብት

ከጦርነቱ በፊት ግብፅ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ጥጥ ነበር። በ1914 በጋ ጦርነቱ ሲፈነዳ መርከብ ጠፋ፣ የእስክንድርያ የጥጥ ገበያ ተዘጋ፣ ዋጋውም ወደቀ። ገበሬው ግብር የሚከፍለውና ብድሩን የሚመልሰው በጥጡ ነበርና ጨነቀው። የሚስቱን የወርቅ ጌጥ አውጥቶ ግብሩን የከፈለ ብዙ ነው። መንግሥትም ሕዝቡ እህል እንዲዘራ ብሎ የጥጥ መሬት እንዲቀነስ አዘዘ።

ከ1916 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የጥጥ ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ ባለ ሰፊ መሬቶችና ነጋዴዎች ከበሩ፤ መሬቱም እህሉን እየተወ ወደ ጥጥ ተመለሰ። በዚያው ጊዜ በአገሪቱ የሰፈረው ብዛት ያለው ጦር እህልና ሥጋ ይገዛል፤ ከውጭ የሚመጣው ስንዴም በመርከብ እጦት ቀንሷል። ጥጥ ያለው ሰው ገንዘብ ያዘ፤ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛና የከተማ ድሃ ግን ዳቦ ራቀበት።

ገንዘቡም ቢሆን የቀድሞው አልነበረም። ከኦገስት 1914 ጀምሮ የባንክ ወረቀት በወርቅ ሳይመነዘር ሕጋዊ መገበያያ ሆነ። ጦሩ ለሚገዛው ሁሉ ወረቀት እየታተመ ሲከፈል፣ በገበያው የነበረው ከጥቂት ሚሊዮን ፓውንድ ተነሥቶ በ1919 ከ60 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የኑሮ ወጪም ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ደመወዙ ባለበት የቆመ ጸሐፊና አስተማሪ ምን ያህል እንደተንገላታ ለአድማጮቻችን መንገር አያስፈልገንም።

ቃሉ እንዴት ፈረሰ?

በፌብሩዋሪ 1915 የዑስማኒያ ጦር የስዊዝን ቦይ ለመሻገር ሞክሮ ከተመለሰ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር በሲና በረሃ አልፎ ወደ ፍልስጤም ለመግፋት ተነሣ። በረሃ ለማቋረጥ የባቡር ሐዲድ ይዘረጋል፣ ከዓባይ የመጣ ውሃ በቧንቧ ይሄዳል፣ ስንቅ በግመል ይጫናል። ይህን ሁሉ ማን ይሥራው? አካፋውም ግመሉም የግብፅ ገበሬ ሆነ።

የሠራተኛ ጓድና የግመል ጓድ የሚባሉ ተቋቋሙ። በመጀመሪያ ሰዉ ለደመወዝ ብሎ በፈቃዱ ይገባ ነበር። ጦርነቱ ሲረዝምና ሰው ሲያንስ ግን ለየአውራጃው ቁጥር ተመደበ፤ ቁጥሩን የመሙላት ሥራ ለዑምዳው፣ ማለትም ለመንደሩ ሹም ተሰጠ። እዚህ ላይ ነው መከራው። ዑምዳው የራሱን ልጅና የወዳጁን ልጅ አይሰጥም። ጉቦ የሰጠው ይቀራል፤ የተቀያየመው ሰው ልጅና ድሃው ይታፈሳል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች በእነዚህ ጓዶች አልፈዋል፤ ከሲናና ከፍልስጤም ሌላ እስከ ፈረንሳይ ድረስ የተወሰዱም ነበሩ። ጠመንጃ አልያዙም፤ ነገር ግን በብርድ፣ በበሽታና በቦምብ ሞቱ።

ከሰውየው ጋር ግመሉና አህያው፣ ጭዱና እህሉ ተወሰደ። ዋጋ ይከፈል ነበር፤ ከገበያው ያነሰና የዘገየ፣ በየሹሙ እጅ እየተሸራረፈ የሚደርስ ዋጋ። በየመንደሩ ለቀይ መስቀል የሚሰበሰበውም መዋጮ ሳይቀር በሹሞች ጫና ወደ ግዴታ ተለወጠ። ከዚህ ሁሉ በላይ በ1918 ዓለምን ያዳረሰው፣ በእኛ አገር «የኅዳር በሽታ» የተባለው ወረርሽኝ ገባ፤ በግብፅ ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ጨረሰ።

ሐዲዱ የተነቀለበት መጋቢት

በኖቬምበር 1918 ጦርነቱ አበቃ። ሰዕድ ዘግሉልና ባልደረቦቹ ወደ እንግሊዝ ወኪል ሄደው የአገራቸውን ነፃነት ጠየቁ። መልሱ በማርች 8፣ 1919 ተይዞ ወደ ማልታ መጋዝ ሆነ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ተነሣ። የሕግ ትምህርት ቤትና የአዝሀር ተማሪዎች ወጡ፤ ሴቶች በካይሮ ጎዳና ሰልፍ አደረጉ፤ የቅብጥ ቄስ በአዝሀር መስጊድ ሚንበር ላይ ቆመው ተናገሩ። አዝሀር ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም፤ ከአገራችን የሄዱ ደረሶች ያርፉበት የነበረው የጀበርቲ ሪዋቅ በዚያ ነበር።

በገጠር ደግሞ ገበሬው ያደረገው ነገር የልቡን ይናገራል። የባቡር ሐዲድ ነቀለ፣ የስልክ ሽቦ ቆረጠ። እህሉን፣ ግመሉንና ልጁን የወሰደበት መንገድ ያ ነበርና። አመፁን ለማፈን በተወሰደው እርምጃ በጥቂት ወራት 800 ያህል ግብፃውያን ተገደሉ። እንግሊዝም በፌብሩዋሪ 1922 የግብፅን ነፃነት፣ ብዙ ጉዳዮችን ለራሷ አስቀርታ፣ ለማወጅ ተገደደች።

ከዚህ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ በአንድ ሰብል ላይ የቆመ አገር ገበያው በሌላ ሰው እጅ ነው። ግብፃውያን ይህን ስላወቁ በ1920 ጠልዐት ሐርብ በ80,000 ፓውንድ ካፒታል፣ በአገር ልጆች ገንዘብ የሚሠራውን ባንክ ሚስርን መሠረቱ።

ሁለተኛ፣ እንግሊዝ ሩቅ ነበረች፤ በደጅ የነበረው ዑምዳው ነው። የጎረቤቱን ልጅ ስም የጻፈው እርሱ ነው፤ ጉቦውን የተቀበለውም እርሱ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ዙልም ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ አይመጣም። እህል ቆልፎ ዋጋ የሚጠብቀው ነጋዴም፣ እርዳታ ለዘመዱ የሚያዳላው አከፋፋይም የዚያ ዑምዳ ወንድሞች ናቸው። እኛም በየሥራችን፣ በእጃችን የገባው ዝርዝር የሰው አደራ መሆኑን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ለድሃ የተገባ ቃል ቀላል ይመስላል። የማክስዌል ቃል አንድ ወረቀት ነበር፤ ሲፈርስ ግን ከዳር እስከ ዳር ሐዲድ አስነቀለ።

አላህ (ሱ.ወ) አገራችንን ከጦርነትና ከኑሮ ውድነት ይጠብቅልን፤ ቃላቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።